ከወንዝ ሥር የወጣው አውሮፕላን



ከአዲስ አበባ የሚመጣ ዘመድ ለመቀበል ጋርደርሞን ሄዳችሁ ታውቃላችሁ አይደል? አያታችሁ ሻንጣቸውን እየገፉ እስኪወጡ ድረስ በሩ ላይ ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ። ከኤርፖርቱ ብዙ ሳይርቅ ግን ብዙዎቻችን ሳናየው የምናልፈው ሙዚየም አለ። የኖርዌይ ጦር ኃይል የድሮ አውሮፕላኖች የሚታዩበት ነው። ከእነዚያ መካከል አንዱ 36 ዓመት ሙሉ ወንዝ ውስጥ ተቀብሮ የኖረ አውሮፕላን ነው። የዛሬው ትምህርታችን ስለ እሱ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ስለ አንዲት የአገራችን አውሮፕላን እንጨምራለን።

(እዚህ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ወደ እኛ አቆጣጠር የመለወጡ ሥራ የእናንተ ነው!)

ውኃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን

አውሮፕላኑ ኖርዝሮፕ ኤን-3ፒቢ ይባላል። በጎማ ፈንታ ከሥሩ ጀልባ የሚመስሉ ሁለት ተንሳፋፊዎች አሉት። ስለዚህ የሚነሣውም የሚያርፈውም ውኃ ላይ ነው። በኖርዌይኛ «ሾፍሊ» የምትሉት ዓይነት ነው። ለምን እንዲህ ተሠራ? እስቲ የኖርዌይን ካርታ ተመልከቱ። ዳር ዳሩ ሁሉ ፊዮርድ ነው። ተራራ በበዛበት አገር ለአውሮፕላን የሚሆን ሜዳ ማግኘት ያስቸግራል፤ ፊዮርዱ ግን ራሱ የተዘጋጀ ሜዳ ነው።

ኖርዌይ ለባሕር ኃይሏ 24 አውሮፕላኖች አሜሪካ ለሚገኘው ፋብሪካ ያዘዘችው በ1940 መጀመሪያ ላይ ነበር። ነገር ግን አንዱም ሳይደርስ ኤፕሪል 9 ቀን 1940 ጀርመን ኖርዌይን ወረረች። ንጉሥ ሆኮን 7ኛና መንግሥታቸውም በዚያው ዓመት ወደ ለንደን ተሰደዱ። ይህ ነገር ሌላ ንጉሥ አላስታወሳችሁም? የእኛም ንጉሠ ነገሥት አፄ ኃይለ ሥላሴ ኢጣሊያ አገራችንን በወረረች ጊዜ፣ በ1936፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተሰደው ነበር።

«በል፣ ብቻህን ሂድ!»

አገራቸው የተያዘባቸው የኖርዌይ ወጣቶች አብራሪነት የተማሩት በካናዳ፣ ቶሮንቶ ከተማ፣ ሐይቅ ዳር ነው። የሠፈሩበትን ቦታ «ትንሿ ኖርዌይ» ብለው ሰየሙት። ከአገር ርቀው ሲኖሩ የአገርን ስም ይዞ መቆየት ማለት ይኸው ነው።

በዚያ ዘመን አብራሪነት እንዴት ይማሩ ነበር? ተማሪውና አስተማሪው ሁለት መቀመጫ ባላት ትንሽ አውሮፕላን ይወጣሉ። ሁለቱም ፊት መሪ ዘንግ አለ። ዘንጎቹ የተያያዙ ስለሆኑ አስተማሪው የራሱን ሲያንቀሳቅስ የተማሪውም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ተማሪው በእጁ እየተሰማው ይለምደዋል ማለት ነው። አንድ ቀን ታዲያ አስተማሪው ይወርድና «በል፣ ብቻህን ሂድ!» ይለዋል። በአብራሪ ሕይወት ውስጥ የማይረሳው ቀን ያ ነው።

ኢትዮጵያውያንስ? ከእነዚህ ልጆች አሥር ዓመት ቀደም ብለው፣ በ1930፣ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆነዋል። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። ከመካከላችሁ የሁለት አገር ልጆች የሆናችሁ ይህን ልብ በሉ!

ወንዙ ዋጠው

በ1941 330ኛው የኖርዌይ ስኳድሮን አይስላንድ ውስጥ ተቋቋመ። ከእነዚህ አውሮፕላኖች አብዛኞቹ ወደዚያ ሄዱ። ሥራቸው በሰሜን አትላንቲክ የሚጓዙትን መርከቦች ከጀርመን ሰርጓጅ መርከቦች መጠበቅ ነበር።

ኤፕሪል 21 ቀን 1943 ሁለት ሰዎች የያዘ አንድ አውሮፕላን ከምሥራቅ አይስላንድ ወደ ሬይክያቪክ ሲበር ክፉ አየር ገጠመው። አብራሪው ሌላ ምርጫ ስላልነበረው ትዮርሳ የሚባል ወንዝ ላይ አሳረፈው። ሁለቱም ሰዎች ተረፉ፤ አውሮፕላኑ ግን ሰጠመ። ትዮርሳ ከበረዶ ግግር የሚመጣ ወንዝ ስለሆነ ብዙ አሸዋና ደለል ይዞ ይወርዳል። ደለሉ ቀስ በቀስ አውሮፕላኑን ሸፈነው።

በ1979 ፈልገው አገኙት፤ አወጡትም። ከዚያ ወደ ተሠራበት ፋብሪካ ወደ ካሊፎርኒያ ተላከ። ከጠጋኞቹ መካከል በወጣትነታቸው እነዚህን አውሮፕላኖች የሠሩ ጡረተኞች ነበሩበት። አስቡት እስቲ፤ በ1940 የሠራችሁትን ነገር ከአርባ ዓመት በኋላ ጭቃ ለብሶ ስታገኙት ምን ይሰማችኋል?

የድሮ አውሮፕላን ሲታደስ መጀመሪያ ጭቃው ይታጠባል። እያንዳንዱ ክፍል ይፈታል፣ ይመዘገባል። ደኅናው ይጠገናል። የተበላው ክፍልም ቢሆን አይጣልም፤ እሱን እያዩና እየለኩ አዲሱን ይሠሩበታል። በኖቬምበር 1980 ሥራው አለቀ። ከ24ቱ መካከል ዛሬ የቀረው ይህ አንዱ ብቻ ነው።

330ኛው ስኳድሮንስ? እሱ አሁንም አለ። ባሕር ላይና ተራራ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚመጡትን የነፍስ አድን ሄሊኮፕተሮች የሚያበረው እሱ ነው።

የእኛዋ ፀሐይ

በ1935 ሉድቪግ ቬበር የተባለ ጀርመናዊ መሐንዲስ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ኢጣሊያ አገራችንን ስትይዝ አውሮፕላኗን ወሰደቻት። ከሮም ብዙ በማይርቅ የአየር ኃይል ሙዚየም ውስጥ ለብዙ ዓመት ኖረች። በጃንዋሪ 2024 ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ መለሰቻት። ሰማንያ ስምንት ዓመት ያህል መጠበቅ ማለት እኮ ነው!

ልጆች፣ ሁለቱን አወዳድሩ። የኖርዌይዋን የዋጣት ወንዝ ነው፤ ያወጧትም ወዳጆች ናቸው። የእኛዋን ግን ሰው ነው የወሰዳት። እዚያ ሙዚየም ውስጥ አልተሰባበረችም፣ አልጠፋችም። ታዲያ በደንብ ከተያዘች መመለሷ ለምን አስፈለገ? ይህን ጥያቄ እኛ አንመልስላችሁም፤ ክፍል ውስጥ እንከራከርበታለን።

አዳዲስ ቃላት

ተንሳፋፊ – ውኃ ላይ የማይሰጥም ነገር
ደለል – ውኃ ተሸክሞ የሚያመጣው አፈር
ሰርጓጅ – ውኃ ውስጥ ጠልቆ የሚሄድ
ማደስ – ያረጀውን እንደ አዲስ ማድረግ

ጥያቄዎች

1. አውሮፕላኑ ለምን ጎማ አልተደረገለትም?
2. ከጃንዋሪ 1 እስከ ሴፕቴምበር 10 ድረስ 8 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 7 ዓመት ቀንሱ። አውሮፕላኑ የሰጠመው በስንት ዓመተ ምሕረት ነው? ታድሶ ያለቀውስ?
3. «ፀሐይ» ለምን ወደ አገሯ መመለስ ነበረባት? በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።

ለወላጆች፦ እባካችሁ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ከአገር ቤት የመጣ አንድ አሮጌ ዕቃ፣ ጀበናም ቢሆን ፎቶግራፍ፣ ለልጃችሁ ስጡልን። ታሪኩንም በአማርኛ ንገሩት። ዕቃው ቢሰበር ይጠገናል፤ ያልተነገረ ታሪክ ግን ከደለል ሥር የሚያወጣው የለም።

ቸር ይግጠመን!