ጨረር፣ ኩላሊትና የተወተፈው የቁልፍ ቀዳዳ

ስለ ሆርሞን ስንማር ስሙን ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን የምንረሳው ነገር ይመስለናል። ዳሩ ግን የአንድ ሆርሞን አሠራር መታወቁ በካንሰር ሕክምና ጨረር የሚጎዳውን ኩላሊት ለማዳን ተስፋ ሰጥቷል። ውድ አንባብያን፣ ዛሬ የምንመለከተው ይህንኑ ነው።

1. ጉዳቱ እንዴት ይመጣል?

ጨረር የካንሰርን ሴሎች ይገድላል፤ በአጠገባቸው ያለውን ጤነኛ አካልም አይምርም። ኩላሊት ደግሞ ጨረር ብዙ አይችልም። ስለዚህ ሐኪሞች ሁለቱን ኩላሊቶች የሚያገኛቸው ጨረር በአማካይ ከ18 ግሬይ እንዳያልፍ ይጠነቀቃሉ፤ ግሬይ የጨረር መለኪያ ነው። ለመቅኔ ንቅለ ተከላ መላ ሰውነት ጨረር ሲሰጠው ከዚያ ያነሰውም ሊጎዳ ይችላል።

ክፋቱ ጉዳቱ ወዲያው አይታይም። ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ የደም ግፊት ይጨምራል፣ በሽንት ፕሮቲን ይወጣል፣ ደም ያንሳል፤ በመጨረሻም ኩላሊቱ ሥራውን ያቆማል።

2. ሆርሞኑስ?

ኩላሊት ሬኒን የተባለ ኢንዛይም ወደ ደም ይለቃል። ከዚህ ተነሥቶ በደረጃ አንጂዮቴንሲን 2 የተባለው ሆርሞን ይሠራል። ይህ ሆርሞን በደም ሥር ግድግዳ ላይ ካለው ተቀባዩ ጋር ሲገናኝ የደም ሥሩ ይጠብባል፣ ግፊት ይጨምራል። በተጎዳ ኩላሊት ውስጥም ጠባሳ እንዲበዛ ያግዛል።

3. መድኃኒቱ ምን ያደርጋል?

የበራችንን ቁልፍ እናስብ። ቀዳዳው ውስጥ ስንጥር ቢወተፍበት እውነተኛው ቁልፍ አይገባም፣ በሩም አይከፈትም። ሎሳርታን እንደዚያ ስንጥር ነው፤ የሆርሞኑን ተቀባይ ይይዝበታል። ካፕቶፕሪልና ኢናላፕሪል ግን ቁልፉ ራሱ እንዳይሠራ ያደርጋሉ። ልብ እንበል፦ መድኃኒቱ ጨረሩን አይመክትም። የሚያግደው ከጨረሩ በኋላ ቀስ እያለ የሚመጣውን ጥፋት ነው።

4. ምን ተረጋገጠ?

በአሜሪካ የዊስኮንሲን ሕክምና ኮሌጅ ተመራማሪዎች ጆን ሞልደርና ኤሪክ ኮኸን በአይጦች ላይ ሞክረው፣ መድኃኒቶቹ ከጨረሩ በኋላ ተጀምረው እንኳ የኩላሊቱን ጉዳት እንደሚቀንሱ አሳይተዋል። በሰው ላይ ግን ነገሩ ገና አልተቋጨም። በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ በ55 ሕሙማን ላይ የተደረገው የካፕቶፕሪል ሙከራ ወደ ጥቅም ያዘነበለ ውጤት ቢያሳይም፣ ልዩነቱ በቂ ማረጋገጫ የሚሆን አልነበረም። ተስፋ ሌላ፣ ማስረጃ ሌላ!

5. ይሄ እኛን ምን አገባን?

በአገራችን የጨረር ሕክምና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የተጀመረው በ1997 እ.ኤ.አ. ነው። ከአዲስ ዓለም ወይም ከአምቦ ሄዶ ሆዱ አካባቢ ጨረር የተሰጠው ሰው «ዳንኩ» ብሎ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የኩላሊቱ ጣጣ የሚመጣው ታዲያ እዚሁ እኛ ዘንድ ሳለ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው ባለ ጤና ጣቢያ ግፊቱን መለካት፣ ሽንቱን ማስመርመር፣ ጨረር መውሰዱንም ለሐኪሙ መናገር ይገባዋል። መድኃኒቱን ግን ከጎረቤት ተበድሮ መዋጥ የለበትም። በተለይ ነፍሰ ጡር ብትወስደው ጽንሱን ይጎዳል።

እኛ ዕጩ መምህራን ነገ በየገጠሩ ስንሰማራ «ሐኪሙ ምን አለ?» ብለው የሚጠይቁን ብዙዎች ናቸው። በትክክል እናስረዳ ዘንድ አስቀድመን በትክክል እንወቅ።

መልመጃ፦ ሎሳርታንና ካፕቶፕሪል በምን ይለያያሉ? ጨረር የወሰደ ሰው ደህና ሆኖ ሳለ ግፊቱን መለካት ለምን ያስፈልገዋል?