ቤቱ ሲጓዝ ዲሹ ወዴት ይዞራል?



በአሜሪካ ቤታቸውን መኪና ላይ አድርገው ዓመቱን ሙሉ ከቦታ ወደ ቦታ እየተዘዋወሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። መኪናውን አር ቪ ይሉታል። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና መጸዳጃ አለው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ ጡረታ የወጡ ናቸው፤ በብርዱ ወራት ወደ ቴክሳስ፣ ወደ አሪዞናና ወደ ፍሎሪዳ ይወርዳሉ፤ ሲሞቅ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። የሚዘዋወሩት ወደውና መርጠው ስለሆነ ኑሯቸው ከእኛ ጋር አይመሳሰልም። ነገር ግን በየደረሱበት ቴሌቪዥን ለማየት ሲሉ የሚገጥማቸው ችግር ጥሩ የሳይንስና የጂኦግራፊ ትምህርት ይወጣዋልና በዚህ እትም እንመልከተው።

አስቀድመን ሳተላይቱን እንወቅ። ዲሽ የሚያነጣጥርበት የቴሌቪዥን ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ ከፍታ አንድ ዙር ለመጨረስ 23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ይፈጅበታል። ይህም ምድር በራሷ ዛቢያ አንድ ጊዜ የምትዞርበት ጊዜ ነው። የሚዞረውም እንደ ምድር ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። ስለዚህ በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ፣ ከታች ላለን ለእኛ ግን አንድ ቦታ ላይ የተሰቀለ ያህል ነው። ዝቅ ቢል ይቀድመን ነበር፤ ከፍ ቢል ወደ ኋላ ይቀር ነበር። ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1945 በአንድ የሬዲዮ መጽሔት ላይ ያስፋፋው አርተር ክላርክ የተባለ እንግሊዛዊ ደራሲ ነው። ሲንኮም 3 የተባለው ሳተላይት እ.ኤ.አ. በ1964 እዚያ ቦታ ደረሰ፤ በዚያው ዓመት የቶኪዮ ኦሎምፒክን ሥዕል ወደ አሜሪካ አስተላለፈ። አበበ ቢቂላ ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበት ኦሎምፒክ መሆኑን ወላጆች ታስታውሳላችሁ።

እንግዲህ ሳተላይቱ ከቦታው ካልተነቃነቀ፣ በቋሚ ቤት ጣራ ላይ የተተከለ ዲሽ አንድ ጊዜ ከተስተካከለ ለዓመታት አይነካም። የአር ቪ ነዋሪ ግን ሰፈር በቀየረ ቁጥር ሥራውን እንደገና ይጀምራል። ሁለት ማዕዘኖች ማወቅ አለበት። አንደኛው አቅጣጫ ነው፤ ከሰሜን ተነሥቶ ወደ ቀኝ ይቆጠራል፤ ምሥራቅ 90፣ ደቡብ 180፣ ምዕራብ 270 ዲግሪ ነው። ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ከአድማስ ተነሥቶ ወደ ላይ ይቆጠራል።

ምሳሌ እንውሰድ። ዳይሬክ ቲቪ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1994 በ45 ሳንቲ ሜትር ዲሽ ሥራ ሲጀምር የተጠቀመበት ቦታ 101 ዲግሪ ምዕራብ ኬንትሮስ ነው። በቴክሳስ ደቡብ ጫፍ፣ በብራውንስቪል ያለ ሰው ዲሹን ወደ 188 ዲግሪ አዙሮ 60 ዲግሪ ያህል ያቀናዋል። ያው ሰው ወደ ሰሜን ምዕራብ ተጉዞ ሲያትል ሲደርስ አቅጣጫው 152፣ ከፍታው 31 ዲግሪ ገደማ ይሆንበታል። በሰሜን ምሥራቅ ባንጎር ቢሄድ ደግሞ 222 እና 29 ይሆናል። ካርታ አውጡና አስተያዩት። ሳተላይቱ በስተ ምሥራቅ ሲሆን ቁጥሩ ከ180 ያንሳል፤ በስተ ምዕራብ ሲሆን ይበልጣል፤ ከምድር ወገብ በራቃችሁ መጠን ከፍታው ዝቅ ይላል።

ኮምፓስ ብቻውን እንደማይበቃም ልብ በሉ። መርፌው የሚያሳየው የማግኔቱን ሰሜን ነው። በሲያትል ከእውነተኛው ሰሜን 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምሥራቅ፣ በባንጎር ደግሞ ያንኑ ያህል ወደ ምዕራብ ይስታል። ትንሽ ዲሽ የሚያየው የሰማይ ስፋት ግን 4 ዲግሪ አይሞላም። ልዩነቱን ያላሰበ ሰው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ ሲፈልግ ይውላል። ባለ ሦስት እግሩ ማቆሚያ ቀጥ ብሎ ካልቆመም የከፍታው ቁጥር ዋጋ የለውም። ከዚያ በኋላ አንዱ ውጭ ሆኖ ዲሹን ቀስ እያለ ሲያዞር ሌላው ከውስጥ «መጣ! ሄደ!» እያለ ይጮኻል፤ ይህስ በየትም አገር አንድ ነው።

ዛፍ ሌላው ጠላት ነው። ከዲሹ 10 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ በ60 ዲግሪ ከፍታ የሚከለክለው ከ6 ሜትር ባነሰ ርቀት ካለ ነው። በ30 ዲግሪ ግን 17 ሜትር ርቆም ይከለክላል። ሰውየው መኪናውን ጥላ ሥር ማቆም ይፈልጋል፤ ዲሹ ግን ገላጣ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ ብዙዎች ዲሹን ጣራ ላይ ከመትከል ይልቅ ረዥም ገመድ አስረው ሜዳ ላይ ያቆሙታል። በሞተር ራሱ ፈልጎ የሚያገኝ ዲሽም አለ፤ ዋጋው ውድ ነው፤ ቅጠሉን ግን እሱም አያሳልፍም።

ማዕዘኑ ከተስተካከለ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል፤ እሱም የአድራሻ ነገር ነው። የየከተማው ጣቢያዎች የሚላኩት ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ በሚሸፍን ጠባብ ጨረር ነው፤ መኪናው ከዚያ ሲወጣ የአገር ቤቱ ዜና ይጠፋል። የሩቅ ከተማ ጣቢያ መቀበል ደግሞ በሕግ የተገደበ ነው። ለአር ቪና ለከባድ ጭነት መኪና ግን ልዩ ፈቃድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሕግም አጽንቶታል። ባለቤቱ የተፈረመ ማረጋገጫና የመኪናውን ምዝገባ ቅጂ ያቀርባል። እንደ ቋሚ ቤት የተተከለ ከሆነ ፈቃዱ አይመለከተውም። መኪና ለማስመዝገብ ደግሞ አድራሻ ያስፈልጋል! ስለዚህ ብዙዎች ቴክሳስን፣ ፍሎሪዳን ወይም ደቡብ ዳኮታን አገራቸው ያደርጋሉ። በቴክሳስ ሊቪንግስተን በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1978 የተቋቋመ የአር ቪ ነዋሪዎች ማኅበር የአባላቱን ደብዳቤ ተቀብሎ ወዳሉበት ይልክላቸዋል። ያለ አድራሻ ወረቀት ማውጣት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ ለወላጆች ማስረዳት አያሻም።

ዛሬ ብዙዎቹ ስታርሊንክን ይጠቀማሉ። ሳተላይቶቹ 550 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ በብዛት ስለሚዞሩ አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይተካል፤ አንዱን ነጥብ መፈለግም ቀርቷል። ገላጣ ሰማይ ግን አሁንም ያስፈልጋል።

በአገራችን የሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። በአዲስ አበባ ናይልሳትን የሚያይ ዲሽ ወደ ምዕራብ ዞሮ 37 ዲግሪ ያህል ይቀና ነበር። ከ2019 እ.ኤ.አ. በኋላ የኢትዮጵያ ጣቢያዎች 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ወዳለው ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ ቤቱ ሳይነቃነቅ ዲሹ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ወደ 66 ዲግሪ ቀና።

መልመጃ

1. 36 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ያለን ሳተላይት ከናይሮቢ ስናይ ከፍታው 88 ዲግሪ ያህል ነው። ለምን ይህን ያህል ከፍ አለ?

2. በዚህ ከፍታ፣ ከዲሹ 10 ሜትር የሚበልጥ ዛፍ ምን ያህል ቢቀርብ ይከለክላል? በማስመሪያና በፕሮትራክተር ሥዕል ሠርታችሁ ለኩ።