ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ስለሚመጣ ድብርት

ከመኪና ወድቆ፣ በጥይት ወይም በዱላ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተረፈ ሰው በየሰፈራችን አለ። በቤቷ ተደብድባ ዝም ያለች ሴትም አለች። ቁስሉ ሲደርቅ ቤተሰብ «ተመስገን፣ ዳነ» ይላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ግን ሰውየው ራሽን ለመቀበል መውጣት ይተዋል፤ በትንሹ ይቆጣል፤ እንቅልፍ ያጣል። ጎረቤት «ሰነፈ»፣ አንዳንዱም «መንፈስ ያዘው» ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ይህ ድብርት የሚባለው ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው።

በአሜሪካ ሲያትል ከተማ ጭንቅላታቸውን ተመትተው ሆስፒታል የገቡ 559 ሰዎችን የተከታተለና በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ድብርት እንደያዛቸው አሳይቷል። ስሜትን የሚቆጣጠሩት የአንጎል ክፍሎች በምቱ ይጎዳሉ። በዚህ ላይ ሐዘን ይጨመራል፤ ትናንት ቤት ያስተዳድር የነበረ ሰው ዛሬ ስም ሲረሳና ሥራ ሲያቅተው ራሱ ያውቀዋል።

ድካምና መርሳት ከምቱ ብቻም ሊመጡ ይችላሉ። ስለዚህ «ቀድሞ ደስ ይልህ የነበረው ነገር አሁንም ደስ ይልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት። ምንም ደስ የማይለው ከሆነና ይህም ሁለት ሳምንት ከቆየ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ጭንቅላቱን መመታቱን፣ ከዚያ ወዲህ ጥሎት የሚያውቅ ከሆነም ይህንኑ ለባለሙያው ንገሩ፤ አንዳንድ የድብርት መድኃኒት የሚጥለውን ሕመም ሊያብስ ይችላልና። ኪኒኑ ለውጥ እስኪያሳይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ብዙዎች በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። ሲሻለውም ባለሙያው ሳያዝ አያቋርጥ። ጠበል የሚጠመቅ ይጠመቅ፣ ኪኒኑን ግን አይተው።

ቤት ውስጥ በየቀኑ በአንድ ሰዓት የሚሠራው ትንሽ ሥራ ስጡት፤ ውኃ መቅዳትም ቢሆን። አንድ ነገር በአንድ ጊዜ ንገሩት። ጫት እንቅልፍ ይነሳዋል፤ አረቄ ድብርቱን ያብሳል።

«ብሞት ይሻለኛል» ካለ አትገሥጹት። ራሱን ሊያጠፋ ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ገመድ፣ የተባይ መርዝና ኪኒን ከአጠገቡ አንሡ፤ ብቻውን ሳትተዉት በዚያው ቀን ወደ ሕክምና አድርሱት።

ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስታወከው፣ ከወትሮው በላይ ካንቀላፋ ወይም አንድ ወገኑ ከደከመ ግን ድብርት ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ከተመታ ሳምንታት ቢያልፉም ጭንቅላቱ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ሊሆን ስለሚችል ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።