በባዕድ አገር ብቻውን ሳለ ጦርነት ስለ ቀረበበት ሰው

  

ወንድሜ ሆይ፤ ለንግድ ወይም ለእንጀራ ብለህ ከአገርህ ወጥተህ ብቻህን ስትኖር በአጠገብህ ጦር የተነሣ እንደ ሆነ፣ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንደሚያገኝህ ዕወቅ። አንደኛው ፍርሃት ነው፤ እርሱ በፍጡር ሁሉ ላይ ያለ ነውና አያሳፍርም። ሁለተኛውና የሚከፋው አለማወቅ ነው። የመድፍ ድምፅ ትሰማለህ፤ ነገር ግን ማን እንዳሸነፈ፣ መንገዱም ክፍት ይሁን ዝግ አታውቅም። በቤትህም የምታማክረው ዘመድ የለህም።

ይህ መከራ በአንተ አልተጀመረም። በነቢይነቱ 5ኛ ዓመት ከቁረይሾች ግፍ የሸሹ ሙስሊሞች ወደ ሐበሻ ምድር ተሰድደው በፍትሐዊው ንጉሥ በነጃሺ ጥላ ሥር ተቀመጡ። በዚያም ሳሉ አንድ ተቀናቃኝ ተነሥቶ ንጉሡን ስለ መንግሥቱ ወጋው። የምእመናን እናት ኡሙ ሰለማህ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ያን ጊዜ ከስደተኞቹ አንዷ ነበሩና፣ እንደዚያ ያለ ሐዘን ደርሶብን አያውቅም ብለው ተርከዋል። ነጃሺ ያወቀላቸውን መብት የማያውቅ ሰው ድል ያደርጋል ብለው ፈርተው ነበርና።

ታዲያ ምን አደረጉ? አልተበተኑም፤ በወሬም አልኖሩም። ወንዙን ተሻግሮ ውጊያውን በዓይኑ አይቶ የሚመለስ ማን ነው ተባባሉ። በዕድሜ ከሚያንሱት አንዱ የነበረው አዝ-ዙበይር ኢብኑል ዐዋም እኔ አለ። ስልቻ ነፉለት፤ ከደረቱ በታች አድርጎ እየዋኘ ተሻገረ። እነርሱም ለነጃሺ ድል ዱዓ እያደረጉ ቆዩ፤ እርሱም ልብሱን እያውለበለበ ተመልሶ ንጉሡ ድል ማድረጉን አበሠራቸው። ልብ በል፤ ኋላ በየጦር ሜዳው ስመ ጥር የሆነው ዙበይር በዚያ ቀን የተላከው አይቶ እንዲናገር ነበር።

በሱረቱል ሑጁራትም 6ኛው አንቀጽ አመፀኛ ሰው ወሬ ሲያመጣ አጣሩ ብሎ ያዝዛል፤ ባለማወቅ ሰዎችን ጎድታችሁ እንዳትጸጸቱ። ዛሬ ያ አመፀኛ በኪስህ ባለው ስልክ ይገባል። የተላከልህ ምስል የዛሬ ይሁን የአምና ሳታውቅ ለሌላው አታስተላልፍ። ከዚያ መንገድ በዛሬው ቀን የመጣ ሰው ፈልገህ ጠይቅ። ለዚህም ጎረቤትህን በሰላሙ ቀን ማወቅ ይገባህ ነበር፤ ካላወቅኸውም ዛሬውኑ በሩን አንኳኳ።

አሁን ወደ ነጋዴው ጉዳይ እንመለስ። በረመዷን 24 ቀን 1444 ዓመተ ሂጅራ፣ ይኸውም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በኻርቱም በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ፣ ከተማው በጾም ላይ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው የውጊያ ቦታ ሆነ፤ ብዙ ሰዎችም በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገሩ። ሱቅ ያለው ሰው በእንዲህ ያለ ቀን ዕቃዬን ትቼ ልሂድን ብሎ ቢጠይቅ፣ የራሱ ገንዘብ ከሆነ መልሱ አጭር ነው፤ ነፍስ ትቀድማለች።

የሰው አደራ ከሆነ ግን ነገሩ ይረዝማል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሊገድሏቸው ከሚሹ ሰዎች ሲሸሹ እንኳ፣ በእጃቸው የነበረውን አደራ ለባለቤቶቹ እንዲመልስ ዐሊይን በመካ ትተውታል። አንተም ለባለቤቱ ወይም ለወኪሉ አስረክብ፤ ካጣህ ለዳኛ፣ እርሱም ከታጣ ለታመነ ሰው በምስክር ስጥ። ይህን አድርገህ፣ ያለ ቸልተኝነትህ ዕቃው ቢቃጠል ወይም ቢዘረፍ፣ ክፈል አትባልም። ዕዳ ግን እንደዚህ አይደለም። በዱቤ የወሰድኸው ጨርቅ ቢቃጠልም ዋጋው በአንገትህ ላይ ነው፤ ባለ ዕዳው ካጣ እስኪያገኝ ይታገሡታል እንጂ ዕዳው አይፋቅም። ብዙ ነጋዴ እነዚህን ሁለቱን ያደባልቃል፤ ከጦርነት በኋላ የሚነሣውም ጠብ አብዛኛው ከዚህ ነው። ስለዚህ ያለብህንና ያለህን ጽፈህ ግልባጩን ወደ ቤትህ ላክ። ኑዛዜውን ሳይጽፍ ሁለት ሌሊት ማደር ለሙስሊም እንደማይገባው በሐዲስ ተነግሯል፤ ያም በሰላም ላለ ሰው ጭምር ነው።

እናንተም በአገር ቤት ያላችሁ፣ ልጃችሁ በሰው ቤት የምትሠራ እንደ ሆነ፣ የብቸኝነቷ ነገር ከነጋዴው ይብሳል። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በሊባኖስ ጦርነቱ በበረታ ጊዜ፣ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ጥለው፣ ከእነርሱም በር ቆልፈውባቸው የሸሹ ነበሩ። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪው ስም የታሰረ፣ ፓስፖርታቸውም ብዙ ጊዜ በእርሱ እጅ ያለ ነውና ወዴት ይሂዱ? ድመት ቆልፋ፣ ሳታበላትና ሳትለቃት በረሃብ ስለ ገደለችው ሴት የተነገረውን የቅጣት ሐዲስ እነዚያ ሰዎች ሳይሰሙት አልቀሩም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ ገንዘብ አትጠይቋት። የምትበላው እንዳላት፣ ቁልፉና ፓስፖርቷ በማን እጅ እንዳለ፣ በአቅራቢያዋም የአገሯ ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። የምትደውሉበትንም ሰዓት ወስኑላት፤ ያቺን ሰዓት እያሰበች ታድራለችና።

ስለ ሰላት የሚጠይቁም አሉ። በነፍሱ ወይም በገንዘቡ የሚፈራ ሰው ጁሙዓና ጀማዓ ቀርተውለት በቤቱ ይሰግዳል፤ በጁሙዓ ቀን ዙህርን አራት ረከዓ አድርጎ ይሰግዳል። ፍርሃቱ እጅግ በርትቶ፣ ሲሸሽ ወይም በጭነት መኪና ላይ ሳለ ወቅቱ ሊያልፍበት ከሆነ፣ በሱረቱል በቀራህ 239ኛው አንቀጽ እንደ ተፈቀደው እየሄደ ወይም ተሳፍሮ፣ ሩኩዑንና ሱጁዱን በራሱ ምልክት እያደረገ፣ ቂብላን መቅጣጨት ባይችልም ይሰግዳል።