የወረዳው ውሃ ቢቋረጥ ፌዴራል ያዛል?

ጥያቄ፦ በወረዳችን የቧንቧ ውሃ ከተቋረጠ ወራት አልፈዋል። የወረዳው ጽሕፈት ቤት «በጀት የለንም» ይላል። አዲስ አበባ ላለው ሚኒስቴር አቤት ብንል ወረዳውን ሊያዝልን ይችላል?

መልስ፦ አይችልም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ሥልጣንን ለፌዴራሉና ለክልሎች ያከፋፈለ ሲሆን፣ አንቀጽ 50 አንዱ የሌላውን ሥልጣን እንዲያከብር ያዛል። ለፌዴራሉ ለብቻው ወይም ለሁለቱም በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው በአንቀጽ 52 የክልል ነው። ወረዳም የክልሉ እርከን እንጂ የሚኒስቴሩ ቅርንጫፍ አይደለም። ደብዳቤያችሁ ደግ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ወደ ክልሉ ከመመራት አያልፍም።

«በጀት የለንም» የሚለውን ግን በቀላሉ አትቀበሉ። የፌዴራል ድጎማ የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚወስነው ቀመር ለክልሎች ይከፋፈላል፤ ክልሉ ደግሞ ለወረዳዎች በጥቅል ይሰጣል። ከዚያ ለውሃ ስንት፣ ለመንገድ ስንት የሚለውን የሚያጸድቀው እናንተ የመረጣችሁት የወረዳ ምክር ቤት ነው። በወረቀት ላይ አስተዳዳሪውን መጠየቅ ያለበትም እሱ ነው። በተግባር ብዙ ምክር ቤቶች የቀረበላቸውን ማጽደቅ ይቀናቸዋል፤ ትልቁ ችግር ይህ ይመስለኛል።

ስለዚህ አቤቱታችሁን በጽሑፍ፣ ከነፊርማችሁ፣ መጀመሪያ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አስገቡ፤ ግልባጩን ለዞንና ለክልሉ ውሃ ቢሮ ስጡ። መልስ ከጠፋ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይመረምራል። የገቢ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ ግን ከእጃችሁ አታውጡ።