ቅድስናና አጥር፦ በአይሁድ፣ በቡድሂዝምና በደጃችን

«ቅዱስ» የሚለውን ቃል በየቀኑ እንሰማዋለን፤ በቅዳሴው፣ በሬዲዮው፣ በእግር ኳስ ክለብ ስም ሳይቀር። ምን ማለት ነው ተብለን ስንጠየቅ ግን ብዙዎቻችን «የእግዚአብሔር የሆነ» ብለን እናልፋለን። መልሱ ለእኛ ይሠራል። ታዲያ ፈጣሪ አምላክን የትምህርቱ ማዕከል ያላደረገው ቡድሂዝም ቅዱስ ነገር የለውም ማለት ነው? በዚህች አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ከአይሁድ እምነት ጋር በማነጻጸር ለማየት እሞክራለሁ። ሕንድ ከመድረሳችን በፊት ግን አጠገባችን ያለውን፣ የጎንደርን ደጋ፣ ብናይ ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ፈረንሳዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1912 ባሳተመው መጽሐፍ ሃይማኖት በአምላክ መኖር ብቻ ሊተረጎም እንደማይችል ሲከራከር አንዱ ማስረጃው ቡድሂዝም ነበር። ለእሱ ዋናው ነገር ሰዎች ቅዱሱን ከተራው መለየታቸው፣ የለዩትንም በክልከላ ማጠራቸው ነው። ዱርካይም ራሱ የአይሁድ ረቢ ልጅ ነበርና አጥርን ከቤቱ ያውቀዋል።

የግዕዙ «ቅዱስ» እና የዕብራይስጡ «ቃዶሽ» ሥራቸው አንድ ነው፤ መለየት የሚለውን ሐሳብም ይይዛሉ። በኦሪት ዘፍጥረት መጀመሪያ የተቀደሰው ደግሞ ተራራ ወይም ሕንጻ ሳይሆን ቀን ነው፤ ሰባተኛው ቀን። ቦታ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የኢየሩሳሌሙ ቤተ መቅደስ ከአደባባይ ወደ ቅድስት፣ ከቅድስት ወደ ቅድስተ ቅዱሳን እየጠበበ ይሄድ ነበር፤ እመጨረሻው ድረስ የሚዘልቀው ሊቀ ካህናቱ ብቻ፣ እሱም በዓመት አንድ ቀን። ደብረ ታቦር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስትና መቅደስ ተብሎ ይከፈላል፤ ታቦቱ ያለበት መቅደስ የካህናትና የዲያቆናት ነው። ታቦቱ ለጥምቀት ሲወጣም በልብስ ተሸፍኖ ነው፤ አጥሩ አብሮት ይጓዛል።

ወደ ቡድሂዝም ስንመጣ፣ ሕንድ ውስጥ ቦድ ጋያ በተባለ ቦታ ቡድሃ ከሥሩ ተቀምጦ ብርሃን ያገኘበት ዛፍ ይከበራል። ከዚያ ዛፍ አንድ ቅርንጫፍ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው መቶ ዓመት ወደ ስሪላንካ ተወስዶ አኑራዳፑራ ላይ መተከሉን ያገሩ ዜና መዋዕል ይተርካል፤ (የገሊላው የታቦር ተራራም ስሙን ይዞ በጌምድር ደጋ ላይ አርፏል እኮ!)። ምእመኑ እዚያም ጫማውን አውልቆ አበባ ያቀርባል። በትምህርታቸው ግን ዛፉ አምላክ አይደለም፤ የሚከበረው ቡድሃ የተገለገለበት ስለሆነ ነው። መነኮሳት የሚሾሙበት ቦታ ደሞ «ሲማ» የሚባል ወሰን አለው። መነኮሳቱ ምልክት አቁመው ወሰኑን በጉባኤ ያውጃሉ፤ ካስፈለገም በጉባኤ ይሽሩታል። ልዩነቱ ለእኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። በአይሁድ እምነት ለይቶ የቀደሰው እግዚአብሔር ነው፣ የሰው ድርሻ መጠበቅ ነው። በቡድሂዝም መታሰቢያና የማኅበሩ ስምምነት ይለየዋል። አጥር ግን ሁለቱም ጋ አለ።

አጥር ካለ ደግሞ ውጭ የሚቀር አለ። ቤተ እስራኤሎች በጎንደር ምድር ኦሪትን በግዕዝ እያነበቡ፣ ሰንበትን አጥብቀው እያከበሩ ኖረዋል። ከማኅበሩ ውጭ የሆነን ሰው የነካ በውኃ መንጻት ነበረበትና መንደራቸው ብዙ ጊዜ ወንዝ አጠገብ ነበር። ጎረቤቱም በበኩሉ ሌላ አጥር አጠረባቸው፤ ርስት ከለከላቸው፣ ማረሻና ማሰሮ ከእጃቸው እየገዛ «ቡዳ» አላቸው። እነዚህን ሁለት አጥሮች አንድ አድርጎ የሚያይ ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። አንደኛው ራስን ለአምላክ መለየት ሲሆን ሌላው የሰውን ሙያ ሰበብ አድርጎ ማግለል ነው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከ14 ሺህ በላይ የሚሆኑት በ36 ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ ተራራ ወጥተው የሚያከብሩት የስግድ በዓልም በ2000 ዓ.ም. እዚያ በሕግ ታወቀ። «ቡዳ» የሚለው ስድብ ግን ከእኛው ጋር ቀርቷል፤ በየቀልዱ አለ።

የሚያስመሰግነው አጥራችን የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። በ«እመጓ» መጽሐፉ የምናውቀው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከባልደረቦቹ ጋር በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን አጥንቶ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ዙሪያው እርሻና ግጦሽ ሆኖ ጽዱ፣ ወይራውና ዝግባው እዚያ የተረፈው ሰው የታቦቱን ግቢ ስለሚፈራ ነው። ከብት ደሞ ቅዱሱን ከተራው አይለይም፤ ገብቶ ችግኙን ይበላል፣ ይረግጣል። ስለዚህ በአንዳንድ ደብሮች ዙሪያውን የድንጋይ ካብ ተሠርቷል። ታይላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የተወሰኑ መነኮሳት ደኑን ከቆራጭ ለማዳን ዛፉ ላይ ብርቱካንማ የመነኩሴ ልብስ ይጠመጥማሉ። ዛፍ እንዴት መነኩሴ ይሆናል የሚል ተቃውሞ ከራሳቸው ከቡድሂስቶች ተነስቶባቸው ነበር። መነኮሳቱ ምልክት ብቻ ነው ብለው መለሱ፤ ልብሱንም መጠምጠማቸውን አልተዉም።