የሚያፈስ ውኃን ምንጭ ስለ መፈለግ

አንድ ባለቤት ግድግዳው ወይም ወለሉ ርሶ ባየ ጊዜ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚያነሣው ዶማ ነው። ርጥበት ያየበትን ስፍራ ይቈፍራል፤ ሲሚንቶውን ያፈርሳል፤ ቧንቧው ግን በዚያ ስፍራ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ውኃ የታየበት ስፍራ ሁልጊዜ የወጣበት ስፍራ አይደለምና። በቧንቧው ላይ እየተንሸራተተ፥ በጣራው እንጨት ላይ እየሄደ፥ በመሠረቱ ድንጋይ መካከል እየሰረገ፥ ዝቅ ካለው ስፍራ ደርሶ ብቅ ይላል። ስለዚህ ምንጩ የሚፈለገው በቍፋሮ ሳይሆን መዝጊያዎችን በየተራ ዘግቶ በመመልከት ነው።

ጠብታን መናቅ አይገባም። ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ሥር ጣሳ አስቀምጦ በአንድ ሰዓት የተጠራቀመውን መለካት ቀላል ነው። በሰዓት 1 ሊትር ቢገኝ በቀን 24 ሊትር፥ በ30 ቀን 720 ሊትር ይሆናል፤ ይኸውም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 36 ጊዜ የሚሞላ ነው። ይህን ያህል ውኃ የጓሮ ጎመን ሊያጠጣ ሲችል ከመሬት ሥር ይቀራል፤ ሒሳቡን ግን ባለቤቱ ይከፍላል። ቤቱ የጭቃ እንደ ሆነም የግድግዳው ሥር እየላላ ይሄዳል።

መጀመሪያ የርጥበቱን ጠባይ መለየት ያስፈልጋል። ርጥበቱ ከዝናብ በኋላ ብቻ የሚታይ ከሆነ ጣራው፥ በተለይም የቆርቆሮው ምስማር ቀዳዳና አሸንዳው ይመርመር። ሰው ሲታጠብ ወይም ዕቃ ሲያጥብ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ጥፋቱ ከፍሳሽ መውረጃው ነው። ክረምት ከበጋ፥ ሌሊትና ቀን የማይደርቅ እንደ ሆነ ግን ንጹሕ ውኃ የሚያመጣው ቧንቧ ይጠረጠራል። አንዳንድ ጊዜም ግድግዳውን የሚያረጥበው የወጥ ቤት እንፋሎት ነው። ይህን ለማወቅ አንድ ቍራጭ ላስቲክ በግድግዳው ላይ ጠርዙን አጥብቆ መለጠፍና አንድ ሁለት ቀን መቈየት ነው። ላስቲኩ በውጭው ፊት ቢያልበው ርጥበቱ ከክፍሉ አየር፥ በግድግዳው በኩል ቢያልበው ከግድግዳው የመጣ ነው።

ቀጥሎ ምስክር የሚሆነው ቆጣሪው ነው። ውኃው በቧንቧው ውስጥ በኃይል ሳለ በቤትና በግቢ ያሉት ቧንቧዎች ሁሉ ይዘጉ፤ ወደ ጣራው በርሜል የሚገባውም ይዘጋ። በብዙ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ አኃዞች ሜትር ኩብን፥ ቀዮቹ ከዚያ ያነሰውን ይቈጥራሉ፤ በአጠገባቸው ያለችውም ትንሽ ኮከብ መሳይ መንኰራኵር በጥቂት ውኃ እንኳ ትዞራለች። ቁጥሩ ተጽፎ አንድ ሰዓት ይቈይ። ማንም ሳይቀዳ ቁጥሩ ከጨመረ ውኃው በአንድ ስፍራ ይፈሳል ማለት ነው።

ስፍራውን ለመለየት ወደ ቤት የሚያስገባው ዋናው መዝጊያ ይዘጋ። መንኰራኵሯ መዞሯን ካላቆመች ጥፋቱ በቆጣሪውና በቤቱ መካከል፥ ከግቢው መሬት ሥር ነው። ካቆመች ግን በቤት ውስጥ ነውና ዋናውን ከፍቶ የመጸዳጃ ቤቱን፥ የወጥ ቤቱን፥ የመታጠቢያውን መዝጊያ በየተራ መዝጋት ይገባል። መንኰራኵሯ የቆመችው የትኛው ሲዘጋ እንደ ሆነ ጥፋቱ በዚያ መሥመር ነው። በግቢው ውስጥ ደግሞ በበጋ ብቻውን የለመለመ ሣር ወይም ከእግር በታች የሚሰምጥ አፈር ምልክት ይሆናል። ዶማ የሚነሣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የመጸዳጃ ቤት የውኃ ሣጥን ድምፅ ሳያሰማ ብዙ ያፈሳል። የቀይ ሥር ቅቅል ውኃ በሣጥኑ ጨምሮ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት ያህል መቈየት ነው፤ ቀለሙ ወደ ታች ወርዶ ከታየ የሣጥኑ የጎማ መዝጊያ አልገጠመም። ውኃውን ከጣራ በርሜል የሚያገኝ ቤት ደግሞ ቆጣሪው የሚመሰክርለት እስከ በርሜሉ ላለው ቧንቧ ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ የበርሜሉ መግቢያና መውጫ ተዘግቶ የውኃው ልክ ምልክት ይደረግበት። ጧት ጐድሎ ከተገኘ የሚያፈሰው በርሜሉ ራሱ ነው። በማግሥቱ መውጫው ብቻ ተከፍቶ ሲያድር ከጐደለ ግን የሚያፈሰው ከበርሜሉ በታች ያለው ቧንቧ ነው።

ለከብትና ለአትክልት ክፍት የውኃ ማጠራቀሚያ ያለው ገበሬም መጠራጠሩ አይቀርም፤ ውኃውን ፀሐይ ይወስደዋል ወይስ መሬት ይጠጣዋል? መልሱን ባልዲ ይሰጣል። ባልዲው ውኃ ተሞልቶ በማጠራቀሚያው ውስጥ በድንጋይ ላይ ይቀመጥና የውስጡና የውጭው ውኃ ልክ ምልክት ይደረግበት። ዝናብ በሌለበትና ማንም በማይቀዳበት 24 ሰዓት ሁለቱ እኩል ከጐደሉ የወሰደው ፀሐይና ነፋስ ነው። የማጠራቀሚያው ጕድለት ከባልዲው ከበለጠ ግን መሬት እየጠጣው ነው።

እንደ አዲስ አበባና እንደ መቀሌ ውኃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞች አንድ ነገር መታሰብ አለበት። ውኃ በሌለበት ቀን ቆጣሪውን መመልከት ከንቱ ነው፤ የቆመ ቆጣሪ ቧንቧው ደኅና መሆኑን አያስረዳም። ከዚህም የከፋ አደጋ አለ። ውኃ ሲቋረጥ የቧንቧው ኃይል ይወድቅና በውጭ ያለው እድፍ ውኃ በዚያው ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቧንቧው በመጸዳጃ ጕድጓድ አጠገብ ያለፈ እንደ ሆነ ውኃው በተመለሰ ጊዜ ሕፃናቱ የሚጠጡት ይህንኑ ነው። ስለዚህ ቀዳዳው እስኪደፈን የመጠጥ ውኃ መፍላት አለበት፤ ከተደፈነም በኋላ የመጀመሪያው ውኃ ጥቂት ጊዜ መፍሰስ ይገባዋል። ውኃን የሚያስወጣ ቀዳዳ በሽታንም ያስገባልና፥ ፍለጋው ለነገ የሚባል ሥራ አይደለም።